ማጥፊያ የሌለው መድኃኒት ወደ ቆላ ሲወርድ

በመጋቢት 2013 ዓ.ም የኮቪድ ክትባት በኢትዮጵያ መሰጠት ሲጀምር ቀድሞ የመጣው አስትራዜኔካ ነበር። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን በኋላ መጣ። የሁለቱም አሠራር አንድ ነው። በሰውነት ውስጥ እንዳይራባ የተደረገ አዴኖቫይረስ የኮሮናን አንድ ፕሮቲን የሚያሠራ ጂን ተሸክሞ ወደ ሕዋስ ይገባል፤ ሰውነትም ያን ፕሮቲን አይቶ መከላከያውን ያዘጋጃል። በይፋት ቆላ ባሉት በሸዋ ሮቢት፣ በካራ ቆሬ፣ በአጣዬ ወይም በሰንበቴ ክንዱን ለእነዚህ ክትባቶች የሰጠ ሰው ሁሉ ጂን የተጫነበት ቫይረስ ተቀብሏል ማለት ነው። የጂን ሕክምና የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ካለ ነገሩን ከዚህ ቢጀምር ይሻላል።

የክትባቱ ጂን ሥራውን ሠርቶ ይጠፋል። አሁን ወደ ሕሙማን አንጎል እየተላከ ያለው ጂን ግን እንዲቆይ ታስቦ የሚላክ ነው። ተሸካሚውም ሌላ ቫይረስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በቤተ ሙከራ ከአዴኖቫይረስ ጋር ተደባልቆ የተገኘና በምኅጻር ኤኤቪ የሚባል። ስፋቱ 25 ናኖሜትር ገደማ ነው። ብቻውን መራባት አይችልም፤ ሰውን በማሳመምም አይታወቅም። የራሱ ጂኖች ይወጡና በቦታቸው ሐኪሙ የሚፈልገው ጂን ይገባበታል። አብዛኞቹ የነርቭ ሕዋሳት ከሕፃንነት በኋላ ስለማይከፋፈሉ፣ አንዴ የገባው ጂን ለዓመታት እዚያው ሆኖ ፕሮቲኑን ያሠራል። ተስፋውም አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ባሕርይ ነው።

ተስፋውን ማሳነስ አይገባም። ዞልጀንስማ የተባለው መድኃኒት በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ ጡንቻቸው እየሰለለ ሁለተኛ የልደት በዓላቸውን ያለ መተንፈሻ መሣሪያ የማያዩ ሕፃናት በአንድ ጊዜ ጉሉኮስ መሰል ጠብታ ተቀምጠው መጫወት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ቆመው ሄዱ። ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል መሥራት የማይችሉ፣ አንገታቸውን ቀና ማድረግ የሚያቅታቸው፣ ዓይናቸው ለሰዓታት ወደ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ልጆችም አሉ። ለእነርሱ የተሠራው ሕክምና የራስ ቅልን በትናንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ቫይረሱን ቀጥታ ወደ አንጎል የሚያስገባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሐምሌ 2022፣ አሜሪካ ደግሞ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ፈቅደውታል። በአሜሪካ ቀጥታ ወደ አንጎል የሚሰጥ የጂን ሕክምና ሲፈቀድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ መድኃኒቶች አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ማጥፊያ የላቸውም። ክኒን ካልተስማማ ይቆማል። መርፌ ቀኑ ሲያልፍ ኃይሉ ይቀንሳል። የነርቭ ሕዋስ ውስጥ የገባን ጂን ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም። በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርት ገበሬ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከወንዙ የሚጠለፈው ውኃ ተራ አለው፣ የውኃ አባት አለው፣ ቦዩ የሚዘጋበት ሰዓት አለው። ሳይዘጋ ያደረ ቦይ ትናንት ያበቀለውን ማሳ ዛሬ ያበሰብሰዋል።

በአንጎል ውስጥ ልክ ማለት ምን እንደሆነ ሬት ሲንድሮም የተባለው በሽታ በደንብ ያሳያል። ከአሥር ሺህ ሴት ሕፃናት አንዷን ገደማ የሚይዝ ነው። ልጅቷ በመጀመሪያው ዓመት ደህና ታድጋለች፤ ከዚያ የጀመረችውን ንግግር ትረሳለች፣ እጇን መጠቀም ታቆማለች፣ ብዙዎቹም የሚጥል በሽታ ይጨመርባቸዋል። መንሥኤው የአንድ ጂን መበላሸት ነው። ታዲያ ደህናውን ጂን አምጥቶ መጨመር ይበቃ ይመስላል። ችግሩ፣ ያው ጂን ሲበዛም ያሳምማል፤ እጥፍ ሆኖ የተወለደባቸው ልጆች ራሱን የቻለ ሌላ ከባድ የአንጎል በሽታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በእያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ከማነስና ከመብዛት መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ማግኘት አለበት፤ ቫይረሱ ግን አንዱ ሕዋስ ውስጥ አንድ፣ ሌላው ውስጥ አሥር ሆኖ ይገባል።

ይህን ልክ ፍለጋ ሕይወት ተከፍሎበታል። በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ የጉበት ጂን ሙከራ የ18 ዓመቱ ጄሲ ጌልሲንገር አዴኖቫይረስ በተሰጠው በአራተኛው ቀን ሞተ፤ ዘርፉም ለዓመታት ቀዘቀዘ። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ኒውሮጂን የተባለው ኩባንያ በሚያካሂደው የሬት ሙከራ ከፍተኛውን መጠን የወሰደች አንዲት ታካሚ ሞተች። በመስከረም 2025 ደግሞ ካፕሲዳ የተባለ ሌላ ኩባንያ ከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታን ለማከም በደም ሥር በሰጠው ኤኤቪ የመጀመሪያው ተሳታፊ ሕፃን ሕይወቱ አለፈ። እነዚህ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሰጡት ሌላ አማራጭ ስላጡ ነው። ለሙከራው መቀጠልም ሆነ መቆም የሚከራከር ሁሉ ይህን አስቦ ቢናገር መልካም ነው።

ተመራማሪዎች ማጥፊያ ፍለጋ የጀመሩት ግን ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በጀርመን ሃይደልበርግ ማንፍሬድ ጎሰንና ኸርማን ቡያርድ አንድ ብልሃት አሳተሙ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መምጣቱን የሚያውቁበት ፕሮቲን አላቸው፤ መድኃኒቱ ሲነካው ፕሮቲኑ ከጂኑ ላይ ይነሳል። ሁለቱ ሰዎች ይህንኑ ፕሮቲን አሻሽለው የሰው ሕዋስ ውስጥ ካለ ጂን ጋር አገናኙት። በአንደኛው ዓይነት ቴትራሳይክሊን ሲሰጥ ጂኑ ይጠፋል። በኋላ በተሠራው በሌላኛው ዓይነት ደግሞ የቴትራሳይክሊን ወገን የሆነው ዶክሲሳይክሊን ሲሰጥ ጂኑ ይበራል። ከዚያ ወዲህ በአይጦች አንጎል ውስጥ በተለይ ለፓርኪንሰን በሽታ የታሰበ፣ የነርቭ ሕዋስን ከሞት የሚጠብቅ ፕሮቲን በዚህ መንገድ ሲበራና ሲጠፋ ታይቷል። በዓለም የምርምር ቤተ ሙከራዎች እጅግ የተለመደው የጂን ማብሪያ ማጥፊያ ይኸው ነው።

ይህን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ይፋት ቆላ አምጥቶ ማየት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ከጣርማ በር ዳገት ተወርውሮ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ብርዱ ያልቃል፤ ሙቀቱ፣ ወባው፣ የወንዝ ዳር ሕይወቱ ይጀምራል። አተት በተነሳ ጊዜ ለሕሙማን የሚታዘዘው መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን ነው። ለተስቦና ለግርሻም እንደዚሁ። የቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒት ለታመመ ከብትም ይወጋል። ሲያመው ሐኪም ሳያይ ከመድኃኒት ቤት ቀይና ቢጫ ፍሬ ገዝቶ የሚውጠውም ሰው ጥቂት አይደለም። ሃይደልበርግ ወይም ቦስተን ላለ ተመራማሪ ዶክሲሳይክሊን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚገኝ፣ የታካሚውን ጂን እንዳሻው የሚያዝበት ቁልፍ ነው። እዚህ ግን ቁልፉ በየመደርደሪያው፣ በየወረርሽኙ ዘመቻ፣ በየከብት ሕክምናው አለ። በአተት ወቅት ለአንድ ቀን የተሰጠ ክኒን፣ ለሌላ በሽታ የገባን የአንጎል ጂን ሳይታሰብ ሊያበራው ወይም ሊያጠፋው ይችላል።

ከዚህም በላይ የሚከብድ አለ። ቴትራሳይክሊን ከወተት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ ወተት ዋና ምግቡ ለሆነው ለአጎራባቹ የአፋር አርብቶ አደር መጠኑን መገመት አስቸጋሪ ነው። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች በልማድ አይሰጥም፤ የአንጎል ጂን ሕክምና በብዛት የሚፈለገው ደግሞ ለልጆች ነው። የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በጀርሞች መለመድ ከባድ ሥጋት በሆነበት አገር፣ አንድን ሰው ለዕድሜ ልክ በየቀኑ ዶክሲሳይክሊን እያስዋጡ ጂን ማብራት ሌላውን ሕመምተኛ መበደል ነው። ይህ ብልሃት ለምርምር ታላቅ ነገር ነው፤ ለይፋት ቆላ ሰው የሚሆን ሕክምና ግን አይደለም። ወደ አፍሪካ የሚመጣ ማንኛውም ቁጥጥር ያለው የጂን ሕክምና በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ቁልፉ ምንድን ነው?» መሆን አለበት።

ሌሎች ቁልፎችም ተሞክረዋል። ራፓማይሲን የተባለው አንዱ ነው፤ ሆኖም የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ወባና የሳንባ ነቀርሳ ላለበት አገር አይመረጥም። በብርሃን የሚታዘዝም አለ። ከአረንጓዴ ዋቅላሚ የተወሰደ ጂን የነርቭ ሕዋስ ብርሃን ሲያይ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ለዓመታት ዓይኑ የጠፋ ሰው በዚህ ዘዴ በልዩ መነጽር ታግዞ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ዕቃ መለየት መቻሉ ተዘግቧል። ዓይን ለብርሃን የተከፈተ ነው፤ ጥልቅ አንጎል ግን አይደለም።

እጅግ ተስፋ የሚሰጠው የሰው እጅ የማይፈልገው ቁልፍ ነው። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ስለሚጥል በሽታ ያሳተሙት ሥራ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። የሚጥል በሽታ ሲነሳ የተወሰኑ የነርቭ ሕዋሳት ያለ ልክ ይተኩሳሉ። ተመራማሪዎቹ ሕዋስን የሚያረጋጋ ጂን ወሰዱ፤ ከፊቱም ሕዋሱ ያለ ልክ ሲተኩስ ብቻ የሚነቃ መቆጣጠሪያ አደረጉለት። ሕዋሱ ሲበጠበጥ ጂኑ ይነሳል፣ ያረጋጋዋል፤ ሲረጋጋ መልሶ ይተኛል። ደህና ሕዋሳት አይነኩም። በአይጦች ላይ የሚጥልበት ጊዜ ብዛት በ80 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከአይጥ እስከ ሰው መንገዱ ረጅም ነው፤ ሐሳቡ ግን ክኒንም፣ መብራትም፣ የከተማ ሐኪም ትእዛዝም አይፈልግም። በወባና በአተት አገር የሚሠራ ቁጥጥር ካለ ከዚህ ወገን ነው የሚመጣው።

የሚጥል በሽታን ማንሳት ደግሞ ከአውሮፓ ቤተ ሙከራ ወደ ኢትዮጵያ ገጠር ቀጥታ ይመልሳል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በመስቃንና ማረቆ ገጠር ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አዳርሰው ነበር። ከሺህ ሰው 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ። ከእነርሱ መካከል የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አግኝቶ የሚያውቀው ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞላም ነበር። ሲጥላቸው እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉ ነበሩ። ይህ ጥናት በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ታሪክ ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ሊባል የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ማንም ያልቆጠራቸውን ሰዎች ቆጥሯል። በይፋትም ሆነ በሌላው ቆላ፣ በልጅነት የያዘ ከባድ የአንጎል ወባ ከዳነ በኋላ የሚጥል በሽታን ጥሎ ሊሄድ እንደሚችል ይታወቃል። ስለዚህ እዚህ ያለው ሕመም በዘር የመጣ ብቻ አይደለም። የለንደኑ ብልሃት ዋጋም እዚህ ላይ ነው፤ የተበላሸ ጂን አይፈልግም፣ መንሥኤው ምንም ይሁን የሚተኩሰውን ሕዋስ ያረጋጋል።

ከቁልፉ በፊት ግን በሩ አለ። ኤኤቪ በተፈጥሮ በሰዎች መካከል የሚዘዋወር ቫይረስ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያውቀው ተይዞበት በደሙ ውስጥ የመከላከያ አካል ይዟል። መከላከያ ያለው ሰው መድኃኒቱ በደም ሥር ሲሰጠው ሰውነቱ ቫይረሱን ከመንገድ ይይዘዋል፤ ሕክምናውም ይከሽፋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሥር አገሮች ደም ላይ የተደረገ ጥናት ይህ መከላከያ በአፍሪካ ናሙናዎች ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል። መድኃኒቱ ቀጥታ ወደ አንጎል ሲገባ ችግሩ ይቀንሳል፤ በደም ሥር በሚሰጠው ግን አፍሪካዊ ሕፃን ከበሩ የሚመለስበት ዕድል ይሰፋል። ለእኛ የሚስማማው የቫይረሱ ዝርያ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የእኛ ደም መመርመር አለበት። አዲስ አበባ ያሉት የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደም ናሙና በመሰብሰብና በማጥናት የካበተ ልምድ አላቸው። የዚህ ዓይነት ቅኝት የጂን ሕክምናውን ራሱን ከመግዛት ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከቆላም ከደጋም፣ ከሸዋ ሮቢትም ከደብረ ብርሃንም ናሙና ቢወሰድ መልሱ በእጅ ይገባል።

ክትትልም አለ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በኤኤቪ የታከመ ሰው እስከ አምስት ዓመት፣ ከሰው ዘረ መል ጋር በሚጣበቅ ቫይረስ የታከመ ደግሞ እስከ አሥራ አምስት ዓመት እንዲከታተሉት ይጠይቃል። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። እንዲህ ዓይነት የሚጣበቅ ቫይረስ በሚጠቀመው፣ ስካይሶና በተባለው የሕፃናት የአንጎል በሽታ ሕክምና ከታከሙት 67 ልጆች ሰባቱ የደም ካንሰር እንደያዛቸው በ2024 ተዘግቧል፤ አንዳንዶቹ ከታከሙ ከዓመታት በኋላ ነው የታመሙት። አሁን ይህን ግዴታ ወደ ይፋት እንውሰደው። በ2014 ዓ.ም ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊትም በኋላም ይፋት ሰዎች የተፈናቀሉበት፣ መንገድ የተዘጋበት ምድር ነው። አንድን ልጅ ታክሞ ከሄደ በኋላ አምስት ዓመት መከታተል ሰላምና መንገድ፣ የጤና ጣቢያ መዝገብም ይጠይቃል። ሙከራ የሚያመጣ ኩባንያ ለዚህ ክትትል የሚሆን ገንዘብ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት እንዲያስቀምጥ ሊገደድ ይገባል፤ ኩባንያው ቢከስር ወይም ፍላጎቱ ቢጠፋ ልጁ የማንም ሆኖ እንዳይቀር።

ሕጋችን ለዚህ ተዘጋጅቷል? የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 ሲወጡ የሕዝቡን ጆሮ የያዘው ክርክር ስለ ጥጥና ስለ በቆሎ ነበር። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትን ይቆጣጠራል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2025 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትን ሦስተኛ የብቃት ደረጃ አግኝቷል፤ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ለዘለቄታው ስለሚቀመጥ ጂን በግልጽ የሚናገር መመሪያ ያስፈልጋል። መመሪያው ቁልፉ ምን እንደሆነ፣ ቁልፉ ለሌላ በሽታ ከምንሰጠው መድኃኒት ጋር እንዳይጋጭ፣ ልጁ ሲያድግ ማን እንደሚያየው፣ ቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ በአማርኛም በአፋርኛም በኦሮምኛም «መልሶ አይወጣም» ተብሎ እንዲነገረው መጠየቅ አለበት። ይህን ከአውሮፓ ቀድቶ መለጠፍ አይበቃም፤ የአውሮፓ መመሪያ ስለ አተት ዘመቻ አያስብም።

«ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል እንኳ በሚጠፋበት አገር ስለ አንጎል ጂን ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ይኖራል። ቁጣው ተገቢ ነው። ዞልጀንስማ ሲወጣ ዋጋው ከ2.1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ኩባንያው መድኃኒቱ ላልተፈቀደባቸው አገሮች በዓመት እስከ መቶ መድኃኒት በነፃ በዕጣ አድላለሁ ብሎ በ2020 ሲጀምር፣ የሕፃናት ሕይወት በዕጣ መሆኑ ብዙ ወላጆችን አስለቅሷል። ሆኖም ያ ተከራካሪ አንድ ነገር ይዘነጋል። የኤድስ መድኃኒትም በአንድ ወቅት ለሀብታም አገሮች ብቻ ነበር። ሲረክስ ግን በየጤና ጣቢያው ደረሰ። የጂን ሕክምና ሲረክስ የሚደርሰው በሌላ ሰው ሥርዓት፣ ለሌላ ሰው አየር ንብረትና ለሌላ ሰው ደም ተለክቶ ከሆነ፣ ርካሽነቱ ብቻ አይጠቅመንም። ልኩ የሚወሰነው አሁን፣ ገና ከአይጥ ወደ ሰው በሚሸጋገርበት ሰዓት ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎችም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ዛሬ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞችን ያፈራል፤ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናም በዚያው ዓመት ተጀምሯል። ደብረ ብርሃን ላይ ሐኪም ግዛው ሆስፒታልና በአሥራት ወልደየስ ስም የሚጠራው የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለ፤ የይፋት ቆላ ሕመምተኛ ዳገቱን ወጥቶ የሚሄደው ወደዚያ ነው። በዚያ የሚጥል በሽታ ሕሙማን መዝገብ ቢከፈትና ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬን፣ ካራ ቆሬን ቢያካትት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ዛሬ ፌኖባርቢታሉ ያለቀበት ሰው ማን እንደሆነ፣ ቤተሰቦቹ አሁንም ክብሪት እየጫሩ የሚያሸትቱት ማን እንደሆነ ያሳያል። ነገ ደግሞ ሙከራ ሲመጣ በየትኛው ዕድሜ፣ በምን መንሥኤ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር እንደሆነ የሚጠይቅ ተመራማሪ መልስ ያገኛል። መዝገቡን ለመክፈት ቫይረስም ቤተ ሙከራም አያስፈልግም፤ ደብተር፣ ነርስ፣ የማይቋረጥ የፌኖባርቢታል አቅርቦትና ይህን በበጀቱ የሚጽፍ ጤና ቢሮ ይበቃሉ።